ከአየር ጤና እስከ ሰበታ፤ በመንገድ ላይ ለተጎዳ ሰው ስለሚሰጥ የሕግ እርዳታ የቀረበ ትችት

መግቢያ

ሕግ ለተጎዳ ሰው ካሣ ይሰጣል ማለትና የተጎዳው ሰው ካሣውን ያገኛል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በሕጉ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው ግን በሆስፒታል አልጋ፣ በፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ቤት፣ በመድን ድርጅት ደጃፍና በፍርድ ቤት አዳራሽ ተፈትኖ የሚታወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ርቀቱንም በጠቅላላ ቃል ከመናገር ይልቅ አንድ መንገድ መርጠን ልናሳይ ወደድን፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአየር ጤና፣ በዓለም ገናና በሰበታ አልፎ ወደ ጅማ የሚወርደው መንገድ ነው።

ይህን መንገድ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰበታ ከአዲስ አበባ መካከል ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀድሞ ስሟ የሚነሣው በዕውራን ትምህርት ቤቷና በሜታ ቢራ ፋብሪካዋ ነበር። ዛሬ ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ የጅቡቲው አዲስ የባቡር ሐዲድም ከዚያው ይነሣል። ከሁሉ ይልቅ የከተማዋን ኑሮ የለወጠው የቤት ኪራይ ነው። በአዲስ አበባ ውስጥ ቤት መከራየት ያልቻለ ሰው በዓለም ገናና በሰበታ ይከራያል፤ ሥራው ግን አዲስ አበባ ነው። እንደዚሁም ሌላው በአዲስ አበባ አድሮ በሰበታ ፋብሪካ ይሠራል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ሁለት የሰው ጎርፍ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋል፤ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። ሚኒባሱ፣ አውቶቡሱ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ፣ ከጅማ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና፣ ባጃጁ፣ እግረኛውና የሚነዳው ከብት በዚያው አስፋልት ይጋፋሉ።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃለለች። ስለዚህ የመንገዱ አንደኛው ጫፍ በአዲስ አበባ፣ ሌላው ጫፍ በኦሮሚያ ክልል አስተዳደር ሥር ነው። ይህ ነገር ለተሳፋሪው ከታሪፉ በቀር ምንም ለውጥ የማያመጣ ይመስላል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን ትርጉሙ ከባድ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

፩. ሕጉ ለተጎጂው የሰጠው

ትችት ለመጻፍ የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚተቸውን ነገር መልካም ጎን ማወቅ ይገባዋልና ከዚያው እንጀምር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ይህ ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ በቍጥር 2081፣ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም፤ የሚድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። «ፍሬኑ እምቢ ብሎ ነው»፣ «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ አንሸራትቶ ነው»፣ «እኔ ምንም አላጠፋሁም» የሚለው መከላከያ አያድነውም። የተጎዳው ሰው ራሱ ጥፋት ያለበት ሲሆን ግን ኃላፊነቱ እንደ ጥፋቱ መጠን ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል።

የካሣውም ልክ በቍጥር 2091 ተወስኗል፤ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት ቢኖር እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይከፈላል። ጉዳቱ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለ እንደ ሆነ ዳኛው በርትዕ ይገምታል። ይህ የመጨረሻው ደንብ በተለይ የደመወዝ ወረቀት ለሌላቸው፣ በጉልት ለምትቸረችረውም ሆነ በቀን ሥራ ለሚተዳደረው፣ ትልቅ መጠጊያ ነው።

እንግዲህ የሕጉ መሠረት የሚያስነቅፍ አይደለም። የተጎዳ ሰው ጥፋትን የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ሙሉ ካሣ ያገኝ ዘንድ ሕጉ በሩን ከፍቶለታል። ጥያቄው በዚህ በር የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው።

፪. ሦስት ተጎጂዎች በአንድ መንገድ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ሦስት ሰዎችን በምሳሌ እናስብ። ሦስቱም የ30 ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በወር 4,000 ብር ያገኛሉ እንበል። ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ፣ በየራሳቸው አደጋ፣ ዓለም ገና አጠገብ ተጎድተው ከእንግዲህ ወዲህ ሥራ ለመሥራት የማይችሉ ሆኑ። የመጀመሪያው መንገድ ሲሻገር መኪና የገጨው እግረኛ ነው። ሁለተኛዋ በሚኒባስ ተሳፍራ ስትሄድ ሚኒባሱ የተገለበጠባት ሴት ናት። ሦስተኛው አሠሪው ለሠራተኞች ባቆመው ሰርቪስ ሲሄድ ሰርቪሱ የተገለበጠበት ሰው ነው።

እግረኛው የሚጠይቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እስከ 60 ዓመት ዕድሜው ይሠራ ነበር ብንል የቀረበት ገቢ 30 ዓመት በ12 ወር፣ በ4,000 ብር ሲባዛ 1,440,000 ብር ይሆናል። ዳኛው በልዩ ልዩ ምክንያት ከዚህ ይቀንስ ይሆናል፤ ሕጉ ግን ጣሪያ አላበጀለትም።

ተሳፋሪዋ ግን ከአጓጓዡ ጋር በውል የታሰረች ናት። የከፈለችው ጥቂት ብር ውል አድርጎባታል። ስለዚህ ጉዳይዋ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ የማጓጓዣ ክፍል ነው፤ ይህም ክፍል በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ ካልተሻሩት መጻሕፍት ውስጥ ነው። በዚያ ሕግ ቍጥር 597 የአጓጓዡ ኃላፊነት ለአንድ ሰው ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ለእርሷ የአሥር ወር ደመወዝ ነው። በእርግጥ አጓጓዡ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ በሠራው ሥራ አደጋው የደረሰ እንደ ሆነ ጣሪያው ሊነሣ ይችላል። ይህን ማስረዳት ግን የተጎጂዋ ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይዳኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1156 ሠራተኛው አሠሪው ባዘጋጀው ወይም ለዚሁ በተከራየው የጋራ መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበትን ጉዳት በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ጉዳት ይቈጥረዋል። ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛም የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ስሌት አድርጎ አስቀምጧል። ይህም በምሳሌያችን 240,000 ብር ነው።

እንግዲህ ሦስት እኩል ሰዎች፣ እኩል ጉዳት፣ አንድ አስፋልት፤ ሕጉ ግን ለአንዱ እስከ 1,440,000፣ ለአንዱ 240,000፣ ለአንዷ 40,000 ብር ያስባል። ልዩነቱን ያመጣው የጉዳቱ ክብደት አይደለም፤ የነጂው ጥፋትም አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው ሰውየው በዚያች ሰዓት የነበረበት ቦታ ነው። በሰበታ መንገድ ላይ ደግሞ በየዕለቱ ጧትና ማታ ለመጓዝ የሚገደደው ሕዝብ አብዛኛው የሚኒባስ ተሳፋሪ ነው። ስለሆነም ለብዙው ሰው የደረሰው ትንሹ ዕጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

፫. በሕግ ላይ ስለ ተጻፈ የገንዘብ ልክ

ሕግ አውጪ የገንዘብ ልክ በጻፈ ጊዜ በዘመኑ የነበረውን ዋጋ ያስባል። ሕጉ ሳይለወጥ ገንዘቡ ሲለወጥ ግን የሕጉ አሳብ ራሱ ይለወጣል። በ1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ያህል ይመነዘር ነበር። ስለዚህ በንግድ ሕጉ የተጻፈው 40,000 ብር በዚያን ጊዜ ወደ 16,000 ዶላር የሚጠጋ ትልቅ ሀብት ነበር፤ ሕጉን ያወጡትም ሰዎች ለተሳፋሪ ሕይወት የሚበቃ ከፍ ያለ ወሰን ያበጁ መስሏቸው ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ግን አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው 40,000 ብር 400 ዶላር እንኳ አይሞላም። ቃሉ ሳይነካ ወሰኑ አርባ እጥፍ ወርዷል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የኅሊና ጉዳት ካሣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አካሉ ለተጎዳ ሰው ወይም ለሟች ቤተ ሰብ ዳኛው የኅሊና ካሣ ሊፈርድ እንደሚችል ይናገርና በቍጥር 2116 ይህ ካሣ በምንም ዓይነት ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ብሎ ይዘጋዋል። እግሯን ያጣች ወጣት፣ ልጁን የቀበረ አባት፣ ሁሉም ስለ ኀዘናቸው የሚያገኙት ከፍተኛው ይህ ነው። ኀዘን በገንዘብ አይለካም የሚል ሰው ቢኖር እንስማማለን። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ምልክት ይሁን ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለአንድ ቀን የኀዘንተኛ ቡና የማይበቃ ሲሆን ማጽናኛነቱ ቀርቶ ማላገጫ ይመስላል።

ስለ ግዴታ መድንም እንዲሁ ነው። ባለመኪናዎች ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ ያስገደደው ዐዋጅ ትልቅ እርምጃ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 559፣ እርሱንም ተክቶ በ2005 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 799 ወጣ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና የጎዳው ሰው እንኳ ከመድን ፈንድ የሚጠይቅበት መንገድ ተበጀ። ይህን ማመስገን ይገባል። ሆኖም የ2005ቱ ዐዋጅ ሲወጣ መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የሚከፍለውን እስከ 40,000 ብር፣ በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር አደረገው። ሚኒባሱ እግረኛ ቢገጭና የቆመ መኪና ቢጨፈልቅ፣ መድኑ ለመኪናው በር የሚዘረጋው እጅ ለሰውየው እግር ከሚዘረጋው ይረዝም ነበር ማለት ነው። የንብረት ጥገና ዋጋው በደረሰኝ ይታወቃል፣ የሰው ግን አይታወቅም የሚል ምክንያት ይሰጥ ይሆናል። እኛ ግን የሚመለከተው ወገን ይህን አሰላለፍ እንደ ገና እንዲያስብበት እንወዳለን። አኃዙን ከፍ ማድረግ በራሱ አይበቃም፤ በየጥቂት ዓመቱ እንዲመረመር የሚያስገድድ ደንብ አብሮ ካልተጻፈ አዲሱም አኃዝ እንደ አሮጌው መክሰሙ አይቀርም።

ከመድኑ በላይ ያለውን ገንዘብ እግረኛው ከባለመኪናው መጠየቅ ይኖርበታል። ባለመኪናው ማን ነው? በአገራችን መኪና በውክልና ሲሸጥ ሊብሬው በአንድ ሰው ስም፣ መኪናው በሌላ ሰው እጅ፣ መሪው በሦስተኛ ሰው እጅ መሆኑ የተለመደ ነው። የተጎዳው ሰው ታርጋውን ካልያዘ፣ የመድኑን ወረቀት ቍጥር ካላስመዘገበ፣ በሊብሬው የማን ስም እንዳለ ካልጠየቀ፣ ክሱን በማን ላይ እንደሚያቀርብ እንኳ አያውቅም። እዚህ ላይ የሕግ እርዳታ አስፈላጊነት ይጀምራል።

፬. እርዳታው የቆመበት ቦታ

የሕግ እርዳታ የለም አንልም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቍጥር 467 ጀምሮ ደኻ የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቍጥር 57 ጠበቃ ሁሉ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ዋጋ ወይም በጥቂት ዋጋ ለድኾች እንዲያገለግል ግዴታ ጣለ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ አገልግሎት ማዕከል አቋቁመዋል። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው።

የእነዚህ ሁሉ ጉድለት አንድ ነው፤ የሚጀምሩት ከክስ ነው። ደኻው የዳኝነት እንዲማርለት በመጀመሪያ ክሱ ተጽፎ መቅረብ አለበት። ጠበቃው 50 ሰዓቱን የሚሰጠው ጉዳይ ይዞ ለመጣ ሰው ነው። የትምህርት ቤቶቹም ማዕከል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ወይም በፍርድ ቤቱ አጠገብ ነው። በመንገድ ላይ የተጎዳ ሰው ግን የሚጎድለው ነገር አስቀድሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እርሱ በአልጋ ላይ ሳለ ይጎድላል። እግሩ የተሰበረን ሰው ወደ እኛ ና ማለት ምን ዓይነት እርዳታ ነው?

በእነዚህ ሳምንታት የሚሆነውን ብናስተውል ሦስት ነገር እናገኛለን።

የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ያነሣል፤ በፕላኑ ላይ የተጻፈው ወይም ያልተጻፈው ነገር የኋላውን ክርክር ይወስናል። ለምሳሌ ያቺ የሚኒባስ ተሳፋሪ የ40,000 ብሩን ጣሪያ ለማስነሣት የምትችለው ነጂው ከወንበር ልክ በላይ ትርፍ ጭኖ፣ ተሳፋሪዎች እያስጠነቀቁት እየበረረ እንደ ነበረ ብታስረዳ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚረጋገጠው በዚያ ቀን ስንት ሰው ተሳፍሮ እንደ ነበረ በመዝገብ ሲሰፍርና አብረው የነበሩት ሰዎች ስም ሲያዝ ነው። በማግሥቱ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወደየሥራቸው ይበተናሉ። በየቀኑ ከማያውቁት ሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ በሚጓዝ ሕዝብ መካከል ምስክር ፈልጎ ማግኘት እንደ ገጠሩ ጎረቤትን መጥራት አይደለም።

ሁለተኛው ዕርቅ ነው። የነጂው ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው፣ ብርቱካንና ጥቂት ገንዘብ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ። መምጣታቸው መልካም ነው፤ በአገራችን ባህል የጎዳ ወገን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በኦሮሞም ዘንድ የጉማ ሥርዓት ለዚህ የቆመ ነው። ነገር ግን ከሽምግልናው ጋር ወረቀት ይመጣል። ወረቀቱ ተጎጂው ለሕክምና ይህን ያህል ተቀብሎ ከእንግዲህ ምንም እንዳይጠይቅ የሚል ነው። ነጂው ካሣ መክፈሉ በወንጀሉ ክስ ቅጣት ሊያቀልለት ስለሚችል ይቸኩላል፤ ተጎጂውም መድኃኒት መግዣ ስላጣ ይቸኩላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቍጥር 3312 በስምምነት የተጨረሰ ነገር በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቈጠር ይናገራል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን፣ ሐኪሙ ገና እግሩ ይድናል ወይስ ይቈረጣል ብሎ ሳይወስን፣ በብርድ ልብስ ላይ የተፈረመች ወረቀት የ30 ዓመት ገቢን ልትዘጋ ትችላለች።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በቍጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ እንደ ሆነ ግን ረጅሙ ይጸናል። ሁለት ዓመት ለጤነኛ ሰው ረጅም ነው። በቦርድ ማስረጃ፣ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ በቤት ኪራይና በልጆች ትምህርት ለሚንገላታ ሰው ግን ሳያውቀው ያልፋል። ከዚህም ሌላ «የወንጀሉ ፍርድ እስኪያልቅ ጠብቅ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ምክሩ ስሕተት ነው። ነጂው በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ እንደማይታሰር ሕጉ በቍጥር 2149 ተናግሯል፤ የባለመኪናው ኃላፊነትም ጥፋትን አይጠብቅም። ይህን አንዲት ነጥብ የሚነግረው ሰው በማጣቱ ብቻ መብቱ የቀረ ሰው ቢኖር፣ ጉድለቱ በሕጉ ሳይሆን በእርዳታው ነው።

በዚህ ላይ ከመግቢያው ያነሣነው የአስተዳደር ወሰን ይጨመራል። የሰበታው ነዋሪ በአየር ጤና ቢጎዳ፣ ወይም የአዲስ አበባው ነዋሪ በዓለም ገና ቢጎዳ፣ ክሱን ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ለማቅረብ ሥነ ሥርዓቱ ምርጫ ይሰጠዋል። ምርጫው ግን እውቀት ይጠይቃል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ የፌዴራሎቹ አማርኛ ነው፤ የጥብቅና ፈቃዱም የፌዴራልና የክልል ተብሎ የተለየ ነው። የድኅነት ማረጋገጫ የሚሰጠው ቀበሌ ነው፤ ተከራዩ ግን መታወቂያው የትውልድ አገሩ ወይም የቀድሞ ሰፈሩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ከተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ነው። ራፖር ጸሐፊውን አንንቅም፤ ለብዙ ድኻ ብቸኛው የሕግ አማካሪ እርሱ ነው። ነገር ግን እርሱም ዘንድ የሚደረሰው ፕላኑ ከተነሣ፣ ምስክሩ ከተበተነና ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ንጽጽር እንጨምር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ይህ ተገቢ ነው። ስለዚህ ገጪው በወንጀል ሲከሰስ የመንግሥት ጠበቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ተገጪው ግን ለካሣው እንዲህ ያለ ጠበቃ በሕገ መንግሥቱ አልተሰጠውም። ዐቃቤ ሕግ አለለት ይባል ይሆናል፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን የሚከራከረው ስለ ቅጣቱ እንጂ በተለይ ስለ ተጎጂው የ30 ዓመት ገቢ አይደለም።

፭. በአሳባችን ላይ ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

አንደኛ፣ ወሰኑ ከተነሣ የአንድ ሚኒባስ ባለቤት የሆነው ምስኪን ይጠፋል ሊባል ይችላል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ባለ ሚኒባሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ባለዕዳ መሆኑን እናውቃለን። መልሱ ግን አደጋውን ለሁሉ ባለመኪና በሚከፋፈል መድን መሸከም ነው። ዛሬ ያለው አሠራር ባለ ሚኒባሱን የሚያድነው ሸክሙን ከእርሱ የባሰች ድኻ በሆነችው ተሳፋሪ ላይ በመጣል ነው።

ሁለተኛ፣ የሕግ እርዳታ ከበዛ ሙግት ይበዛል ይባላል። በእኛ አስተያየት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መብቱን ያወቀ ተጎጂና ዕዳውን ያወቀ ባለመኪና ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በተገቢው ዋጋ ይስማማሉ። ሙግት የሚያረዝመው ድብቅነት ነው።

ሦስተኛ፣ እርዳታ ወደ ተጎጂው ይሂድ ማለት ከውጭ የመጣ ምኞት ነው ሊባል ይችላል። ከውጭ ምሳሌ መውሰዳችንን አንክድም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አርቃቂ አገር ፈረንሳይ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ባወጣችው የትራፊክ አደጋ ሕግ፣ በውል የተሳፈረውን ሰው ከሌላው ተጎጂ ጋር እኩል አደረገችው። መድን ሰጪውም አደጋው በደረሰ በስምንት ወር ውስጥ ለተጎጂው የካሣ አሳብ እንዲያቀርብ አስገደደች። ተጎጂው ከመድን ሰጪው ጋር በተስማማ በ15 ቀን ውስጥ ስምምነቱን ለመሻር ፈቃድ ሰጠችው። እኛ ሕጋችንን ከዚያ አገር ሊቅ የተቀበልነው ከ25 ዓመት አስቀድሞ ስለ ነበረ ይህን ማሻሻያ አላገኘንም። ሆኖም አሳቡ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተጮኸበት መንገደኛ ይቆም፣ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ ነገሩን እዚያው ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ዳኝነቱ የሚነሣው ነገሩ ከተፈጠረበት ቦታ ነበር።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተናገርነውን በአጭሩ ብንሰበስብ የምናቀርበው አሳብ አራት ነው።

፩ኛ/ በንግድ ሕጉ ላይ ለተሳፋሪ የተወሰነው 40,000 ብርና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለኅሊና ጉዳት የተወሰነው 1,000 ብር ይሻሩ ወይም በየጊዜው በሚመረመር ልክ ይተኩ። ተሳፋሪዋ ከእግረኛው የምታንስበት ምክንያት የለም።

፪ኛ/ ተጎጂው ገና በሕክምና ላይ ሳለ የተፈረመ የዕርቅ ወረቀት፣ የሕግ ምክር አግኝቶ ያልፈረመው ከሆነ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲሽረው መብት ይሰጠው። ሽምግልናው ይቀጥል፤ የጠፋውን ጠብ ማብረድ የሚችለው እርሱ ነው። የ30 ዓመት ኑሮን ግን በሦስት ቀን አይዝጋ።

፫ኛ/ መድን ሰጪው የተጎጂውን ማመልከቻ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ የፖሊስ ሪፖርት እንደ ደረሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የካሣ አሳብ እንዲያቀርብ ይገደድ።

፬ኛ/ ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከሎች ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ተጎጂዎች በሚታከሙበት ሆስፒታልና በትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ያቁሙ። ጠበቆችም ከ50 ሰዓታቸው ከፊሉን በዚያ ቢያውሉ የአንድ ሰዓት ምክር በኋላ ከሚደረግ የብዙ ቀጠሮ ክርክር ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሕግ አውጪውን የሚጠብቁ ናቸው። አራተኛው ግን ማንንም አይጠብቅም። በዚህ ግቢ የሕግ ተማሪዎች አለን፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አስተካክለው የሚጽፉ ጓደኞችም አሉን። ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ይኸውም በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ በሆስፒታል ለተጎጂው ወይም ለአስታማሚው የሚሰጥ ነው። ታርጋውን፣ የመድኑን ቍጥርና በሊብሬው ያለውን ስም ያዝ፤ የምስክሮችን ስልክ ጻፍ፤ በመኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንደ ነበረ አስመዝግብ፤ የመድኃኒቱን ደረሰኝ አትጣል፤ ምክር ሳትጠይቅ አትፈርም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክሰስ፤ የወንጀሉን ፍርድ አትጠብቅ። ከዚህ አይበልጥም።

መምህራኖቻችን በሕጉ አተረጓጐም የተሳሳትንበት ቦታ ቢኖር እንዲያርሙን እንለምናለን፤ በተለይ የአጓጓዡን ወሰን ስለ ማስነሣት የተናገርነው ሰፊ ጥናት የሚያስፈልገው መሆኑን እናምናለን። ጓደኞቻችን ደግሞ ይህን ወረቀት አብረውን እንዲጽፉ እንጠይቃለን። ከእኛው መካከል በየዕለቱ ከሰበታና ከዓለም ገና በሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ትምህርቱ የሚመጣ አለና፣ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።